ለፎርሙላው የተረፈችው መስመር

አፕል ሁለት የተባለው ኮምፒውተር ስክሪኑ ወደ ጎን 40 ፊደል፣ ወደ ታች 24 መስመር ብቻ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1979 ለገበያ የወጣው ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ (ስፕሬድሺት) ፕሮግራም በዚህች ጠባብ ስክሪን ላይ ሁለት ነገር ማሳየት ነበረበት፤ ቁጥሮቹንና ቁጥሮቹን የሚያወጣውን ስሌት። ለዚህም ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ለራሱ ወሰደ። በመጀመሪያዋ መስመር ላይ ጠቋሚው ያረፈበት ሴል አድራሻና በውስጡ የተጻፈው ፎርሙላ ይታያል። ከሥሯ ፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚጠይቅበትና ተጠቃሚው የሚጽፍበት ቦታ አለ። የቀረው ስክሪን በሙሉ ለሰንጠረዡ ተለቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡ ያደገበት መጠን ያስደንቃል። ቪዚካልክ 254 ረድፍና 63 ዓምድ ነበረው፤ በጠቅላላው 16,002 ሴል። የዛሬው ኤክሴል 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ አለው፤ ሲባዛ ከ17 ቢሊዮን ሴል ይበልጣል። ፎርሙላው የሚነበብበት ቦታ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከአንዲት መስመር ብዙም አልራቀም። የስፕሬድሺት ታሪክ ሲነሳ የሚወራው ስለ ሰንጠረዡ ስፋትና ስለ ስሌቱ ፍጥነት ነው። ሰው የጻፈውን ስሌት መልሶ የሚያነብባት ይህች ጠባብ ቦታ ግን የራሷ ታሪክ አላት፤ ታሪኳም ሊነገር ይገባል፤ ምክንያቱም ሰው የማያየውን ስሌት ማረም አይችልም።

ከኮምፒውተር በፊት የሒሳብ ሰዎች ሰፊ ባለ መስመር ወረቀት ዘርግተው ወራቱን በዓምድ፣ ገቢና ወጪውን በረድፍ ያሰፍሩ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ውጤቱ ነው። ስሌቱ ወይ በሠራተኛው ጭንቅላት፣ ወይ በመደመሪያ ማሽኑ ጥቅል ወረቀት ላይ ይቀራል። አንድ ቁጥር ከተለወጠ በእሱ ላይ የተመሠረቱትን ሁሉ በላጲስ አጥፍቶ እንደገና መሥራት ግድ ነበር።

ይህን ድካም ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የተሞከረው ቪዚካልክ ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሒሳብ አያያዝ ምሁር ሪቻርድ ማተሲች የአንድ ድርጅት በጀት በኮምፒውተር ሊሰላ እንደሚችል በ1961 ጻፉ፤ በ1964 ደግሞ በፎርትራን የተጻፈ ፕሮግራም ያለበት መጽሐፍ አሳተሙ። በ1969 ረኔ ፓርዶና ረሚ ላንዳው ላንፓር የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ቤል ካናዳ፣ ኤቲኤንድቲና ጄኔራል ሞተርስ በጀታቸውን ሠርተውበታል። ፓርዶና ላንዳው በ1970 ያስገቡት የፓተንት ማመልከቻ ብዙ ክርክር አልፎ የጸደቀው በ1983 ነበር። በእነዚህ የጥንት ፕሮግራሞች ዘመን ቀመሩና ቁጥሩ የሚኖሩት በየራሳቸው ቤት ነው። ቀመሩ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ፣ ውጤቱ ደግሞ ከማተሚያው በሚወጣው ወረቀት ላይ ነበር። ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም።

ሁለቱን አንድ ቤት ያስገቧቸው ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ናቸው። ብሪክሊን በ1978 በሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ሠርተው፣ አንድ ስሕተት ሲያገኙ ተከታዮቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ እያጠፉ ሲጽፉ ተመለከቱ። ያ ሰሌዳ ራሱን በራሱ ቢያርም የሚለው ሐሳብ ከዚያ መጣ። በዚያው ዓመት የመጸው ወራት በተውሶ አፕል ሁለት ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ በቤዚክ ቋንቋ ጻፉ። ተከታዮቹን ወራት ደግሞ ፍራንክስተን የኤምአይቲን ትልቅ ኮምፒውተር ኪራዩ በሚረክስበት ሌሊት እየተጠቀሙ እውነተኛውን ፕሮግራም ሠሩ። ሁለቱ በጃንዋሪ 1979 ሶፍትዌር አርትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሽያጩን የያዘው የዳን ፊልስትራ ኩባንያ ፐርሰናል ሶፍትዌር ነበር።

ቪዚካልክ ሲወጣ ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነበር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ700,000 ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሰዎች ፕሮግራሙን ለማግኘት ሲሉ ኮምፒውተሩን ገዙ። በአፕል ሁለት ኪቦርድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወስዱ ሁለት ቀስቶች ብቻ ስለነበሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ለመሄድ መጀመሪያ ረጅሙን የክፍት ቦታ ቁልፍ መጫን ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ለሒሳብ ሰው ምንም አልነበረም፤ አንድ ቁጥር ሲለውጥ ድምሩ ወዲያው ዓይኑ እያየ ይለወጣልና።

ያ ደስታ ያመጣው ውሳኔ ግን አለ። በቪዚካልክ ሴል ውስጥ የሚታየው ውጤቱ ነው፤ ፎርሙላው ከሥሩ ተደብቋል። ጠቋሚው እዚያ ሴል ላይ ሲያርፍ ብቻ ከላይ ባለችው መስመር ብቅ ይላል፤ ጠቋሚው ሲሄድ ይጠፋል። አንድ ሺህ ፎርሙላ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንዱን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ የሰንጠረዡን ሁለት ሩቅ ቦታዎች ጎን ለጎን ማሳየት ይችል ነበር፤ ፎርሙላ ግን አሁንም አንድ ብቻ። ለዚያ ዘመን ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ማለት ይቻላል። በ24 መስመር ስክሪን ላይ አሥሩን ለፎርሙላ የሰጠ ፕሮግራም ማንም አይገዛውም ነበር። ያሳዝናል የሚባለው ስክሪኑ ከሰፋ በኋላም ምርጫው እንደ ቋሚ ሕግ መቆየቱ ነው።

ተከታዮቹ ፕሮግራሞች የተከራከሩት መስመሯ የት ትቀመጥ በሚለው ላይ ነበር እንጂ ምን ያህል ትስፋ በሚለው ላይ አልነበረም። በ1980 የመጣው ሱፐርካልክና በ1982 የመጣው የማይክሮሶፍት መልቲፕላን ወደ ስክሪኑ ግርጌ አወረዷት። በጃንዋሪ 1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ወደ አናቱ መለሳት። ሚች ኬፐርና ጆናታን ሳክስ የሠሩት ሎተስ ለአይቢኤም ፒሲ የታሰበ ነበር፤ ስክሪኑም ወደ ጎን 80 ፊደል ይይዛል። ከላይ ሦስት መስመር ለመቆጣጠሪያ ተወስኗል። በመጀመሪያዋ የሴሉ አድራሻና ይዘት፣ በሁለተኛዋ የሚጻፈው ወይም የትእዛዝ ዝርዝሩ፣ በሦስተኛዋ የትእዛዙ ማብራሪያ ይቀመጣል። ኤፍ 2 ቁልፍ ሲጫኑ የሴሉ ይዘት ለእርማት ይከፈታል። ያ ልማድ እስከ ዛሬ በኤክሴል ውስጥ አለ።

በሎተስ አንድ ሴል እስከ 240 ፊደልና ምልክት ይቀበል ነበር። ስክሪኑ 80 ስለሚይዝ፣ ፕሮግራሙ እንዲጻፍ የፈቀደውን ሁሉ በአንድ መስመር ማሳየት አይችልም ማለት ነው። ጥንቁቅ የሒሳብ ሰዎች ለዚህ ያገኙት መላ ወረቀት ነበር። ሎተስ ከቁጥሮቹ ይልቅ የየሴሉን ፎርሙላ ከአድራሻው ጋር ዘርዝሮ የሚያትምበት ትእዛዝ ነበረው። ሰው ዝርዝሩን አትሞ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ ሰንጠረዡን በስክሪን፣ ስሌቱን በወረቀት እያየ በእርሳስ ያመሳክራል። ፎርሙላና ሰንጠረዥ እርስ በርስ ሳይጋረዱ ጎን ለጎን የታዩበት የመጀመሪያው የተሳካ ዘዴ ምናልባት ይኸው የወረቀት ዘዴ ነው።

ኤክሴል በሴፕቴምበር 1985 ለማኪንቶሽ ወጣ። የማኪንቶሹ ስክሪን 9 ኢንች ነበር፤ ማውስ፣ መስኮትና ልዩ ልዩ የፊደል ቅርጽ ነበረው። የፎርሙላ መስመሯ ከምናሌው ሥር ተቀመጠች፤ አጠገቧም ለመሰረዝ የኤክስ፣ ለማጽደቅ የራይት ምልክት ያሉባቸው ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች ነበሩ። በ1987 ኤክሴል ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር ያው አቀማመጥ አብሮ ተሻገረ። የቀደሙት የኤክሴል እትሞች የተመረጠውን ሴል ፎርሙላና ማስታወሻ በሌላ መስኮት የሚያሳይ የመረጃ መስኮትም ነበራቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አላወቀውም፣ በኋላም ከፕሮግራሙ ወጣ። በ1993 የመጣው ኤክሴል 5 በሴሉ ውስጥ ገብቶ ማረምን ፈቀደ። ምቹ ነው፤ ችግሩ ፎርሙላው ሲረዝም በቀኝና በታች ያሉትን ጎረቤት ሴሎች መሸፈኑ ነው።

ነገሩ የባሰው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤክሴል 97፣ 2000፣ 2002ና 2003 አንድ ፎርሙላ እስከ 1,024 ፊደል እንዲረዝም፣ ተግባሮችም አንዱ በሌላው ውስጥ እስከ ሰባት ደረጃ እንዲሸጎጡ ይፈቅዱ ነበር። ረጅም ፎርሙላ ያለበትን ሴል ሲመርጡ መስመሯ ወደ ታች ትዘረጋለች፤ ስትዘረጋም ሰንጠረዡን ወደ ታች አትገፋውም፤ በላዩ ላይ ትተኛለች። በመጀመሪያ የዓምዶቹን መጠሪያ ፊደላት፣ ቀጥሎ አንደኛውን ረድፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትጋርዳለች።

ጉዳቱ የሚገባው እነዚያ ረድፎች ምን እንደያዙ ሲታሰብ ነው። ሥርዓት ያለው የሒሳብ ሰው የወለድ መጠኑን፣ የምንዛሬውን ዋጋ፣ የዓምዶቹን ርዕስ የሚጽፈው ከላይ ነው። ፎርሙላውም የሚጠቅሰው እነሱን ነው። ስለዚህ ሰውየው ፎርሙላው ወደ ኤፍ ዓምድ ሦስተኛ ረድፍ እንደሚያመለክት እያነበበ፣ ኤፍ 3 ምን እንደያዘ ግን ማየት አይችልም፤ የሚያነበው ጽሑፍ ራሱ ከልሎታል። አንዳንዱ ፎርሙላውን ቀድቶ ኖትፓድ ላይ ይለጥፍ ነበር። ሌላው ከሰንጠረዡ አናት ብዙ ባዶ ረድፎች ይተው ነበር። ይባስ ብሎ መስመሯን ጨርሶ የሚያጠፋም ነበር፤ ሰንጠረዡ በሙሉ ይታየዋል፣ ፎርሙላው ግን ከዓይኑ ይጠፋል።

የኢትዮጵያ የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ችግር በአንድ የታወቀ ሥራ ያውቁታል፤ በደመወዝ መክፈያ ዝግጅት። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 የመቀጠር ገቢን በሰባት እርከን ከፈለ። እስከ 150 ብር ያለው ከግብር ነፃ ነበር። ከዚያ እስከ 650 ብር 10 በመቶ፣ እስከ 1,400 ብር 15፣ እስከ 2,350 ብር 20፣ እስከ 3,550 ብር 25፣ እስከ 5,000 ብር 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። የሒሳብ ሰው በየእርከኑ ተባዝቶ የሚቀነስ ቋሚ ቁጥር ያውቅ ነበር፤ ለ10 በመቶው 15 ብር፣ ለ15ቱ 47.50፣ ለ20ው 117.50፣ ለ25ቱ 235፣ ለ30ው 412.50፣ ለ35ቱ 662.50።

ይህን በኤክሴል አንድ ሴል ውስጥ ለመጻፍ ኢፍ የተባለውን የቅድመ ሁኔታ ተግባር ስድስት ጊዜ አንዱን በሌላው ውስጥ መሸጎጥ ያስፈልጋል። በሰባት ደረጃ ገደብ ውስጥ ለጥቂት ይገባል። ደመወዙ ያለበት ሴል ኤ 2 ቢሆን ፎርሙላው ከእኩል ምልክቱ እስከ መጨረሻዋ ቅንፍ 150 ፊደልና ምልክት ይሆናል። በቪዚካልክ ዘመን ስክሪን አራት መስመር በሞላ ነበር። በ2003ቱ ኤክሴልና በዚያን ጊዜ ስክሪን ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር ያልፍና ወደ ሰንጠረዡ ይወርዳል። የደመወዝ መክፈያው የዓምድ ርዕሶች፣ ማለትም መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ የሚሉት፣ የሚገኙት ደግሞ እዚያው ከላይ ነው።

በዚህ ፎርሙላ ውስጥ ስሕተት ሲገባ የት እንደሚደበቅ መገመት አይከብድም። 412.50 በሚለው ፈንታ 41.25 ተጽፎ እንደሆነ እናስብ። ደመወዙ ከ3,550 ብር የማይበልጥ ሠራተኛ ሁሉ ሒሳቡ ትክክል ነው። ከ5,000 በላይ ያለውም እንዲሁ። የ4,000 ብር ደመወዝተኛ ግን ከ787.50 ብር ግብር ይልቅ 1,158.75 ይቆረጥበታል። የፎርሙላውን መጀመሪያ ብቻ በአንድ መስመር የሚያይ አለቃ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርከኖች አይቶ ትክክል ነው ብሎ ይፈርማል። ስሕተቱ ያለው መስመሯ ከምታሳየው ወሰን ውጭ ነው።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ከሥሩ የሞከረ አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ዕድሉ ግን አልቀናም። ሎተስ ኩባንያ በ1991 ለኔክስት ኮምፒውተር ኢምፕሩቭ የተባለውን አወጣ። ሐሳቡን ያፈለቁት ፒቶ ሳላስ ናቸው። ብዙ የሒሳብ ሞዴሎችን መርምረው ቁጥሩ፣ አቀማመጡና ስሌቱ በአንድ ሴል ውስጥ ተደበላልቀው መቀመጣቸው የችግሩ ምንጭ መሆኑን ተረዱ። በኢምፕሩቭ ውስጥ ፎርሙላዎቹ በሴል ውስጥ አይገቡም። ከሰንጠረዡ ሥር በራሳቸው ክፍል ተዘርዝረው ይቀመጣሉ፤ የሚጻፉትም በአድራሻ ሳይሆን በስም ነው። ትርፍ ከሽያጭ ላይ ወጪ ሲቀነስ ነው ብሎ አንድ ጊዜ መጻፍ ለዓመቱ አሥራ ሁለት ወርና ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ይበቃል። ሰው ስሌቶቹን ሁሉ በአንድ ዕይታ ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ሰንጠረዡም አይከለልም።

በ1993 ወደ ዊንዶውስ ቢመጣም ገበያው አልተቀበለውም። የኔክስት ኮምፒውተር የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ሎተስም እንጀራው የሆነውን 1-2-3ን የሚሻማ ምርት ከልቡ ሊገፋው አልቻለም። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎች ስፕሬድሺትን የሚወዱት የትም ቦታ ማንኛውንም ነገር መጻፍ ስለሚችሉበት ነው። አንዱ የሠርግ ተጠሪዎችን ስም ይመዘግብበታል፣ ሌላው የእቁብ ተራ። ኢምፕሩቭ በቅድሚያ አስቦ ማደራጀትን ይጠይቅ ነበር። በሐሳብ ደረጃ ከተቀናቃኞቹ የላቀ ፕሮግራም ነበር ብሎ መፍረድ ይቻላል፤ ያሸነፈው ግን ነፃነት የሰጠው ነው።

ማይክሮሶፍት ኤክሴል 2007ን ሲሠራ ገደቦቹን ከፍ አደረገ። የረድፉ ቁጥር ከ65,536 ወደ 1,048,576 ወጣ፣ የፎርሙላው ርዝመት ከ1,024 ወደ 8,192 ፊደል፣ የተግባሮች መሸጎጥም ከሰባት ወደ 64 ደረጃ። እንዲህ ያለ ፎርሙላ በአሮጌው መንገድ ቢዘረጋ ኖሮ ሰንጠረዡን ጠራርጎ በሸፈነው ነበር። ስለዚህ መስመሯም ተለወጠች። ከዚያ ወዲህ ራሷ በፈቃዷ አትዘረጋም። ሰው የታችኛውን ጠርዟን በማውስ ይዞ የፈለገውን ያህል ይጎትታታል፣ ወይም በቀኝ ጫፏ ያለችውን ቀስት ይጫናል፣ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫናል። ስትሰፋ ሰንጠረዡ ወደ ታች ይወርድላታል፤ አንዲት ሴል አትሸፈንም። ፎርሙላው ከሰፋችው ቦታም ካለፈ በውስጧ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ይነበባል።

ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀ። ለውጡ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በዚያ እትም ዜና የሆነው አዲሱ የምናሌ አቀማመጥ ነበር። ረጅም ፎርሙላ ለሚያነብ ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነበር።

መስፋቷ ብቻውን ግን አይበቃም። 400 ፊደል ያለ ክፍተት የተደረደረበት ጽሑፍ አምስት መስመር ላይ ቢዘረጋም ያው ውጥንቅጥ ነው። አልትና ኢንተርን አንድ ላይ በመጫን ፎርሙላውን ወደ አዲስ መስመር ማውረድ፣ ክፍት ቦታ እያስገቡም ደረጃ ደረጃውን ማሳየት ይቻላል፤ ኤክሴል እነዚህን ክፍተቶች በስሌቱ ውስጥ አይቆጥራቸውም። የሥራ ግብሩ ፎርሙላ እያንዳንዱ ኢፍ በራሱ መስመር ሲጀምር ሰባቱ እርከኖች እንደ አዋጁ ሠንጠረዥ ቁልቁል ይነበባሉ፤ 41.25 የምትል ቁጥር ካለች ከላይና ከታች ካሉት ጋር ሳትስማማ ወዲያው ትታያለች። ይህ ዘዴ ከ2007 በፊትም ይሠራ ነበር፤ ችግሩ በአሮጌው ኤክሴል እያንዳንዱ አዲስ መስመር አንድ ተጨማሪ የሰንጠረዡን ረድፍ መሸፈኑ ነበር። ሰዎች ፎርሙላቸውን ማሳመር የተዉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ያልታየ ስሌት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም በ2013 በሁለት ጉዳዮች ተማረ። በ2012 ጄፒሞርጋን ቼዝ የለንደን ዓሣ ነባሪ በተባለው ንግድ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ባንኩ ራሱ በጃንዋሪ 2013 ያወጣው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው፣ የአደጋውን መጠን የሚለካው አዲስ ሞዴል የሚሠራው በተከታታይ የኤክሴል ፋይሎች ነበር፤ ቁጥሮቹም ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ ይገለበጡ ነበር። በአንዱ ፎርሙላ ውስጥ በሁለት መጠኖች አማካይ መካፈል የነበረበት ልዩነት በድምራቸው ተካፍሏል። ውጤቱ አደጋውን ከእውነተኛው አሳንሶ አሳየ። ኪሳራው የመጣው ከዚህ ፎርሙላ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ የተቀመጠው መለኪያ ግን በዚህ ምክንያት ዝም አለ።

ሁለተኛው የሃርቫርድ ምሁራን ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ ስለ መንግሥታት ዕዳ በ2010 ያወጡት ጽሑፍ ነው። የማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ቶማስ ሄርንደን ፋይሉን ጠይቀው ሲመረምሩ፣ አማካይ የሚያወጣው ፎርሙላ ከ30ኛው እስከ 49ኛው ረድፍ መውሰድ ሲገባው በ44ኛው ላይ ቆሞ አገኙት። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከስሌቱ ወጥተው ነበር። በእርግጥ የሄርንደንና የመምህሮቻቸው ትልቁ ክርክር በመረጃ አመራረጥና አመዛዘን ላይ ነበር፤ የረድፎቹ መቅረት ድርሻው ከሦስት አሥረኛ የመቶኛ ነጥብ አይበልጥም። ይህ ፎርሙላ አጭር ነው፤ መስመሯ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሆኖም ፎርሙላውን እያነበቡ የሚጠቅሳቸውን ረድፎች በአንድ ጊዜ ማየት የግድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። 44 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከአገሮቹ ስም ዝርዝር ጎን ሲታይ ግን ወዲያው ይናገራል።

በ2015 ፌሊን ሄርማንስና ኤመርሰን መርፊ-ሂል በ2001 ከወደቀው የኤንሮን ኩባንያ ኢሜይሎች ከ15,000 በላይ የስፕሬድሺት ፋይሎችን አውጥተው አጠኑ። ፎርሙላ ካላቸው ፋይሎች ከመቶ 24 ያህሉ ቢያንስ አንድ የስሕተት መልእክት የሚያሳይ ሴል ነበረባቸው። ይህ ኤክሴል ራሱ ስሕተት ነው ብሎ የጮኸበትን ብቻ የሚቆጥር ነው። ሄርማንስ ለዓመታት የተከራከሩትም ፎርሙላ ፕሮግራም ነውና እንደ ፕሮግራም መጻፍ፣ መነበብና መፈተሽ አለበት ብለው ነው።

ያ ክርክር ማይክሮሶፍት ውስጥም ጆሮ አግኝቷል። ሳይመን ፔይተን ጆንስ፣ አለን ብላክዌልና ማርጋሬት በርኔት በ2003 ተጠቃሚው ራሱ አዲስ ተግባር በሰንጠረዡ ውስጥ እንዲፈጥር የሚያስችል ንድፍ አቅርበው ነበር። ፍሬው ዘግይቶ መጣ። በ2020 ሌት የተባለው ተግባር ተዋወቀ፤ በፎርሙላው ውስጥ ለአንድ ስሌት ስም ሰጥቶ ያንኑ ስም ደጋግሞ መጠቀም ያስችላል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላምዳ ተከተለ፤ ረጅሙን ፎርሙላ አንድ ጊዜ ጽፎ ስም አውጥቶለት፣ ከዚያ በኋላ በስሙ መጥራት ነው። የካምብሪጁ የማይክሮሶፍት ምርምር ቡድን ደግሞ በ2022 ፎርሙላን ከሰንጠረዡ ጎን በራሱ ሰፊ መስኮት የሚያሳይ ተጨማሪ መሣሪያ አወጣ። በቀለም የተለየ፣ ደረጃ በደረጃ ገባ ገባ ብሎ የተደረደረ ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ ኤክሴል ላብስ በሚባለው ውስጥ ይገኛል። ኢምፕሩቭ ከሠላሳ ዓመት በፊት የጀመረው መንገድ፣ ስሌቱን ለብቻው ቦታ ሰጥቶ ከቁጥሩ ጎን ማኖር፣ በዚህ መልክ ተመልሷል።

ሰባቱን እርከኖች በስድስት ኢፍ ከመሸጎጥ የተሻለው መንገድ ግን የትኛውንም አዲስ መሣሪያ አይፈልግም። የእርከኑን መነሻ፣ መቶኛውንና ተቀናሹን በሦስት ዓምድ በሰንጠረዡ ላይ ጽፎ፣ ትክክለኛውን ረድፍ ቪሉካፕ በተባለው የፍለጋ ተግባር ማግኘት ነው። ፎርሙላው አጭር ይሆናል፤ አዋጁም ለማንም በሚታይ ቦታ ይቀመጣል። ሕጉ ሲለወጥ የሚታረመው ይህ ሠንጠረዥ እንጂ በመቶ የሚቆጠሩ ሴሎች አይደሉም።

ሕጉ ደግሞ ይለወጣል። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 የነፃውን ገቢ ወርሃዊ ጣሪያ ወደ 600 ብር፣ የመጨረሻውን እርከን መነሻ ወደ 10,900 ብር ከፍ አደረገው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ የነፃውን ገቢ ወደ 2,000 ብር አሳደገ፣ የ10 በመቶውን እርከን አስቀረ፣ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ላለው ደመወዝ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ አሮጌዎቹ ፎርሙላዎች አንድ በአንድ ተከፍተው መታረም ነበረባቸው፤ ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው የጻፋቸውም ጭምር።

ስለዚህ የደመወዝ መክፈያ የምታዘጋጁና የምትፈርሙ ሁሉ፣ ከሚቀጥለው የወር መጨረሻ በፊት የግብሩን ሴል ምረጡ፣ መስመሯን ወደ ታች ጎትታችሁ ፎርሙላውን እስከ መጨረሻዋ ቅንፍ አንብቡት። ከዚያ በየእርከኑ ጣሪያ ላይ ያለውን ደመወዝ አስገብታችሁ ፈትሹት። በአሁኑ ሕግ የ4,000 ብር ደመወዝ ግብር 300 ብር፣ የ7,000 ብር 900፣ የ10,000 ብር 1,650፣ የ14,000 ብር 2,850 ነው።